ዋርሳዬ ሳይነግረኝ ቀብድ ሰጠ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ዓሣ ቤት አለኝ። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ እንሠራለን። ንግድ ፈቃዱም ብድሩም በስሜ ነው። ግዢውን የያዘልኝ ዋርሳዬ ነው፤ ጎበዝነቱ አይካድም፣ አስጋሪዎቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰሞኑን ግን ሳይነግረኝ ለአንድ ነጋዴ 40 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቶ መጣ። ስጠይቀው ሠራተኞቹ ፊት «ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ በርካሽ ይገባል፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለኝ። እኔ ዋጋ ስጨምር እንኳ ጠባሿንም አስተናጋጆቹንም አማክራለሁ፤ የተናቅኩት በዚህ ይሆን? እናቴ «ቆጣ በይ፣ ወንድ ሁኚ» ትለኛለች። ባባርረው ደግሞ ቤቴ ይበጠበጣል። ምን ይሻለኛል?

*

እህቴ፣ እናትሽ ክፉ አላሰቡም፤ ግን ቤቱን እዚህ ያደረስሽው ሴት ሆነሽ ነው። ጠባሿን መጠየቅሽን እንዳትተዪ፣ የቱ ምግብ ተርፎ እንደሚመለስ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? የጎደለው ሌላ ይመስለኛል። ካማከርሽ በኋላ «እንዲህ ወስኛለሁ» ብለሽ ትናገሪያለሽ ወይ? ሰው ሐሳቡን ሰጥቶ ውሳኔውን ካንቺ አፍ ካልሰማ፣ የወሰነው ራሱ ይመስለዋል።

ከብሩ ጀምሪ። የዕለት ግዢው ይቆይለት። ቀብድ የሚባል ነገር ግን ያላንቺ ፊርማ አይውጣ፤ ክፍያውም በእጁ አይለፍ፣ ካንቺ ሒሳብ በቀጥታ ለሻጩ ይተላለፍ፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለብቻው ጠርተሽ ንገሪው፤ እሱ ሠራተኛ ፊት ያደረገብሽን አንቺ አትድገሚው። ከሱ በፊት ግን ባለቤትሽ ይስማ። የቤተሰብ ሕጉ ለብድር የባልና ሚስትን ስምምነት ይጠይቃል፣ ዕዳው እሱንም ይነካዋል። የባል ወንድም ይስማማ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ነጭ ዓሣው ላይ ግን ምክክር የለም። ክረምት ላይ የሚረክሰው ለምን ይመስልሻል? ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ አብዛኛው ለመራባት ከጣና ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፣ እንቁላሉን እንደያዘ በገፍ ይታፈሳል። እሱ ካለቀ ምን ልትጠብሺ ነው? ቀብዱ ይመለስ፤ እምቢ ካለም ነጋዴው በ40 ሺህ ብሩ ልክ ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ያስረክብሽ። ሄዶ የሚነጋገረው ደግሞ ዋርሳሽ ነው፣ አስጋሪውን ሁሉ አውቃለሁ ይል የለ!