«ብሄድ ምን ላመጣ ነው?» ያለኝ ሻጭ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፤

የአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለድርጅቶች ዕቃ እናቀርባለን። ከሥሬ ዘጠኝ ሴልሶች አሉ። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ገበያው ደህና በነበረበት ጊዜ ማንም ሳይጎተጉታቸው ይሯሯጡ ነበር።

አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። ደንበኞቻችንም በጀታቸውን ቀንሰዋል። በአንድ ስልክ ያዝዙ የነበሩት ሁሉ «እስኪ እናስብበት» ማለት ጀምረዋል። የዓመቱ ታርጌት ግን የወጣው ገበያው ሳይቀዘቅዝ ነው፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። የድርጅቱ ባለቤት ባገኙኝ ቁጥር «ሞቲቬት አድርጊያቸው እንጂ!» ይሉኛል።

ያልሞከርኩት የለም። አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው አስመጣን። ያን ሰሞን ሞቅ አሉና ተመልሰው ያው ሆኑ። በየወሩ አንደኛ ለሚወጣ ሽልማት አዘጋጀሁ። ሁሌ የምትወስደው አንዷ ናት፤ እሷ ደግሞ ያለ ሽልማትም አንደኛ ነበረች። የሁሉንም ውጤት በየቀኑ ቢሮው ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ግሩፓችን አበረታች ነገር እልካለሁ፤ የሚመለስልኝ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው። ሰኞ ስብሰባ ላይ «እሺ፣ ሳምንቱ እንዴት ነው?» ስል ሁሉም አቀርቅሮ ማስታወሻ ደብተሩን ያያል።

በጣም ያስጨነቀኝ አንድ ነባር ልጅ ነው። ስለ አንድ ትልቅ ደንበኛ በየሳምንቱ ሪፖርቱ ላይ «እያሰቡበት ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁልጊዜ ያችኑ ሁለት ቃል። በቀደም ለብቻው ጠርቼ «ለምን ሄደህ አታናግራቸውም?» ብለው፣ «ብሄድ ምን ላመጣ ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

በዚያ ላይ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ አለ። እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም። ሻጮቹ ደግሞ «ቅናሽ ፍቀጂልንና እንሽጥ» እያሉ ይወተውቱኛል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት ኃላፊ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤

የዚያ ልጅ ንግግር የስንፍና አይመስለኝም። ቁጭ ብሎ አስልቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። እንዲያውም ከዘጠኙ መካከል እውነቱን ፊት ለፊት የነገረዎት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቪክቶር ቭሩም የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሥራ ተነሳሽነት ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ሰው ለሥራ ከመነሳቱ በፊት በልቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ብለፋ ይሳካልኛል ወይ? ቢሳካልኝስ የማገኘው ነገር አለ ወይ? የማገኘው ነገርስ ለእኔ ዋጋ አለው ወይ? የሦስቱ መልስ አይደመርም፤ ይባዛል። ስለዚህ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ በሙሉ ዜሮ ነው።

እርስዎ እስካሁን የደከሙት በሦስተኛው ላይ ነው። ሽልማት አዘጋጁ፣ ሙገሳ ጨመሩ። የተሰበረው ግን የመጀመሪያው ነው። ሻጮችዎ በልፋታቸውና በውጤቱ መካከል ያለው ክር ተበጥሶባቸዋል። ሽልማቱን እጥፍ ቢያደርጉትም ዜሮን በሁለት ማባዛት ይሆናል። (አነቃቂ ተናጋሪዎች አይቀየሙኝ። ሰው መንገዱን አውቆ ድካም ሲይዘው ይጠቅማሉ። መንገዱ ሲጠፋበት ግን ጭብጨባ አይመልሰውም።)

ስለዚህ ልብ ማሞቁን ለጊዜው ይተዉትና ሥራውን ያስተካክሉ። ስሜታቸው ይከተላል።

መጀመሪያ ታርጌቱ። ኤድዊን ሎክና ጌሪ ላታም ስለ ግብ አወጣጥ ለረጅም ዓመታት ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ግልጽና ጠንከር ያለ ግብ «የቻላችሁትን አድርጉ» ከሚል ትእዛዝ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ባለቤቱ ታርጌቱን ያልነኩት ይህን ይዘው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምሁራኑ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ ሰውየው ግቡን ሊቀበለውና አቅሙም ሊኖረው ይገባል። የእናንተ ታርጌት የወጣው ለሌላ ገበያ ነው። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ። በልባቸው ከሰረዙት ቆይተዋል።

የተሰረዘ ታርጌት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጉዳት አለው። ዘንድሮ እንደማይደርስበት እርግጠኛ የሆነ ሻጭ እጁ ላይ ያለውን ትእዛዝ ሆን ብሎ ወደሚቀጥለው ጊዜ ሊያሳድረው ይችላል። ምን አስቸኮለው? ዛሬ ቢያስገባው ቦነስ አያስገኝለትም፤ ነገ ግን መነሻ ይሆነዋል። እርስዎ ገበያው ሞተ ብለው ሲያዝኑ፣ አንዳንዱ ሽያጭ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

እኔ ብሆን የዓመቱን ትቼ የወር ታርጌት አወጣለሁ። ግማሹን በሽያጭ ገቢ፣ ግማሹን ደግሞ ሻጩ ራሱ በሚቆጣጠረው ሥራ አደርገዋለሁ። ደንበኛው ይግዛ አይግዛ በእሱ እጅ አይደለም። ስንት ደንበኛ አገኘ፣ ከጠፉት ነባር ደንበኞች ስንቱን መልሶ አናገረ፣ ዋጋ ካቀረበ በኋላ ተከታትሏል ወይ፣ ይሄ ሁሉ ግን በእጁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ ብዛት ብቻ ከቆጠሩ የስልክ ብዛት ያመጡልዎታል። ሰው በሚለካበት ነገር ጎበዝ ነው። ስለዚህ አንድ ጉብኝት «ተቆጠረ» የሚባለው ደንበኛው ቀን በተቆረጠለት ቀጣይ እርምጃ ሲስማማ ብቻ ይሁን። «ሐሙስ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር እንገናኛለን» ይቆጠራል። «እያሰቡበት ነው» አይቆጠርም። ይህን አንድ ደንብ ብቻ ቢያስገቡ የሰኞ ስብሰባዎ ይቀየራል። ቢያንስ የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራችኋል።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ለብቻው ጠርተው ከመገሰጽ ይልቅ አብረውት ወደዚያ ደንበኛ ይሂዱ። ለመቆጣጠር እንዳይመስለው ቀድመው ይንገሩት፤ እዚያ ሲደርሱም ከአፉ ላይ እየነጠቁ አያውሩ። እሱ ያናግር። ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁት። «ይሄን ግዢ አሁን የሚያጸድቀው ማነው?»

ምናልባት የግዢ ክፍሉን ሰው ስም ይነግርዎታል። ድሮ ልክ ነበር። ገበያ ሲጠብ ግን ድርጅቶች ከሚያደርጉት ነገር አንዱ ፊርማ መጨመር ነው። የግዢው ሰው ብቻውን ይወስነው የነበረው አሁን ወደ ፋይናንስ፣ አንዳንዴም እስከ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ይሄዳል። ያ የግዢ ሰው «እያሰብንበት ነው» ሲል አልዋሸም። ሥልጣኑ ተወስዶበታል፤ ይህን ለሻጭ መናገር ደግሞ ያሳፍራል። ልጁ በየሳምንቱ የሚያንኳኳው ማንም የሌለበትን በር ነው።

ስለዚህ ደንበኛው ፊት ቁጭ ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ይሄ እንዲጸድቅ ማን ማን መፈረም አለበት? እነሱ ምን ማየት ይፈልጋሉ? ውሳኔው መቼ ነው? የግዢው ሰው ዕቃው ጥሩ መሆኑን ያውቃል። የፋይናንሱ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ባንገዛ ምን እናጣለን? ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በኋላ ብናደርገውስ? ብዙ ሻጭ የሚያቀርበው ገለጻ ለመጀመሪያው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ለሁለተኛው ሰው አንድ መልስ የለውም። አነቃቂ ተናጋሪ የጠሩበትን ሰዓት ለዚህ ይስጡት። አንዳችሁ የፋይናንስ ኃላፊ ሁኑ፣ ሌላው ይሽጥ። የራሳችሁ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ እሷን ያስቀምጧት። ሳትራራ ትጠይቃለች።

ደንበኛው «እውነቱን ለመናገር ዘንድሮ አይሆንም» ቢልም አትዘኑ። ልጁ ያን ስም ከሪፖርቱ ላይ ሰርዞ ጊዜውን ለሌላ ይሰጣል። ጊዜ ደግሞ አሁን ዋናው ነገር ነው። ለምሳሌ ድሮ ከ5 ደንበኛ 1 ይገዛ ከነበረ፣ 20 ሽያጭ ለማግኘት 100 ደንበኛ ማናገር ይበቃል። አሁን ከ8 አንዱ ከሆነ የሚገዛው፣ ለዚያው 20 ሽያጭ 160 ያስፈልጋል። 60 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ከየት ይመጣል? «በርቱ» በማለት አይመጣም። የማይገዙትን ቶሎ ለይቶ በመተው ግን የተወሰነው ይገኛል።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር ያንሱት። ገበያ ሲሞቅ ያሽቀዳድማል። ሲቀዘቅዝ ግን መጨረሻ ያለውን ሰው በየቀኑ «አንተ አትረባም» ይለዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሕይወት መድን ሻጮችን አጥንቶ ነበር። እምቢታን «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ብለው ከሚተረጉሙት ይልቅ «ዛሬ ይሄ ሰው አልተመቸውም» የሚሉት የበለጠ ይሸጣሉ፤ ሥራው ላይም ይቆያሉ። ስለዚህ ያልተሳካ ሽያጭ ሲመጣ «ለምን አልሸጥክም?» አይበሉ። «ምን አሉህ? ማን ነበር ያለው? ቀጥሎ ለምንሄድበት ምን እንውሰድ?» ይበሉ። ሽልማቱንም ካልተዉት፣ ከራሱ ያለፈ ወር ለተሻለ ሰው ያድርጉት።

ቅናሹን በተመለከተ፣ ከመፍቀድዎ በፊት ወረቀት አውጥተው ከሻጮቹ ጋር ያስሉት። የምትሸጡበት ዋጋ 100 ቢሆንና ዕቃው እናንተ ዘንድ ለመድረስ 70 ቢፈጅ፣ የሚተርፈው 30 ነው። 10 በመቶ ሲቀንሱ ዋጋው 90 ይሆናል፤ የሚተርፈው 20 ብቻ ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት 50 በመቶ የበለጠ ዕቃ መሸጥ አለባችሁ። በቀዘቀዘ ገበያ! ሻጮቹ ይህን ሒሳብ ራሳቸው ሲሠሩት ጉትጎታው ይቀንሳል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በሽያጭ ገቢ ሳይሆን በትርፍ ቢሆን ደግሞ ጨርሶ የሚጠፋ ይመስለኛል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቡበት። እስከዚያው ከቅናሽ ይልቅ መጠኑን ቀንሶ ማቅረብ ወይም በየተራ ማስረከብ ይሻላል። ዱቤ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ሽያጭ አይባልም።

ወሬው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሰው ስለ ነገው ሲጠራጠር ግማሽ ልቡ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው። ቀድመው የሚሄዱት ደግሞ ሌላ ቦታ የሚፈለጉት ጎበዞቹ ናቸው። እርስዎ «ምንም አይመጣም» ብለው እንዳይምሉ። ቢመጣ ከዚያ በኋላ የሚያምንዎት አያገኙም። ባለቤቱን በግልጽ ይጠይቁ፤ ከዚያ ሰብስበው የሚያውቁትን ይንገሯቸው፤ የማያውቁትንም አላውቅም ይበሉ፤ ዳግም የሚያነጋግሯቸውን ቀንም ይቁረጡ። ያ ቀን ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ይሰብስቧቸው። አንድ ቀን ከዘለሉ ወሬው ቦታውን ይይዛል።

ከባለቤቱ ጋር ሲነጋገሩ «ሞራላቸው ወድቋል» ብለው አይጀምሩ። እሳቸው ይህን የሚሰሙት እንደ ሰበብ ነው። የደንበኞቹን ቁጥር፣ የቅናሹን ሒሳብና በየደንበኛው የተጨመረውን ፊርማ ይዘው ይግቡ። ከዚያ የሚጠይቋቸው ገንዘብ ነክ ነገር አለ። ኮሚሽን የቀነሰበት ሰው ደመወዙ ተቆርጦበታል ማለት ነው፤ ልፋቱ ግን ጨምሯል። ለጥቂት ወራት ከኮሚሽኑ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ቢፈቅዱላቸው ትልቅ ነገር ነው። እሱ እንኳን ባይሆን የኮሚሽኑን ስሌት ዓመቱ ሳያልቅ አይንኩት። ሰውን ያገኘው ነገር ከሚያስደስተው በላይ ያጣው ያመዋል።

ባለቤቱ ታርጌቱን አልቀይርም ካሉም አይጣሏቸው። የእሳቸው የዓመት ቁጥር እሳቸው ዘንድ ይቆይ፤ ለሻጮቹ የወሩን ያውጡላቸው፤ ሁለቱ ለምን እንደተለያዩም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩልኝ። ያለፈው ወር ኮሚሽን ለሁሉም ተከፍሏል? ካልተከፈለ ሰኞ ስብሰባ ከመጥራትዎ በፊት ሒሳብ ክፍል ይሂዱ።