ጉድለትና ብልጫ በድምር እንዳይደበቁ፦ ስለ ቆጠራ ልዩነት ሪፖርት ለቀረበው ጥያቄ

ጥያቄውን ያቀረቡት እህታችን አዳማ ውስጥ በሚገኝ የምግብ ሸቀጦች ማከፋፈያ መጋዘን እንደሚሠሩና የሰኔ 30 ቆጠራ እንደተቃረበ ገልጸዋል። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የልዩነት ሪፖርት በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት አንድ ረጅም ዝርዝር ብቻ በመሆኑ ሥራ አስኪያጁም ኦዲተሩም አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ሪፖርቱ እንዴት ቢደራጅ፣ ምን ያህል ልዩነት ቢታለፍ፣ በመዝገቡ ላይ የሚደረገውን ማስተካከያስ ማን ቢያጸድቀው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ አዳማ በሕንፃ መሣሪያዎችና በኤሌክትሪክ ዕቃዎች መጋዘን በንብረት ቁጥጥር ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየሁ፣ በሥራ ላይ ያየሁትን በዝርዝር ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ የማሳስብዎ፣ የሪፖርቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት መሆኑን ነው። ሪፖርቱ የሚያነጻጽረው የተቆጠረውን መጠን በሲስተሙ ካለው ባላንስ (በመዝገብ ከሚታየው ቀሪ መጠን) ጋር ነው፤ ነገር ግን የትኛው ሰዓት ላይ ከነበረው ባላንስ ጋር የሚለው በግልጽ ካልተወሰነ፣ ሰኔ 30 የተቆጠረው ዕቃ ሐምሌ 3 ቀን ካለው ባላንስ ጋር ሊነጻጸርና በመካከል የወጣው ሽያጭ ሁሉ ልዩነት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕቃ መጠንና የአንዱ ዋጋ በአንድ በታወቀ ሰዓት ተይዞ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ዋጋውም አብሮ ይያዝ የምለው፣ በአማካይ ዋጋ የሚሠራ ሲስተም ከቆጠራው በኋላ አዲስ ግዢ ሲገባበት አማካዩን ስለሚቀይር፣ ያው አንድ ልዩነት ዛሬና ከሳምንት በኋላ የተለያየ ብር ሊያሳይ ስለሚችል ነው። ኢአርፒኔክስት የተባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የስቶክ ማስታረቂያ ሰነዱ (ባላንሱን ከቆጠራው ጋር የሚያስተካክለው) ቀንና ሰዓት ስለሚቀበል ይህ ቀላል ነው። ኦዱ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ የተቆጠረው መጠን ከገባ በኋላ፣ ማስተካከያው ሳይጸድቅ የዕቃው መጠን ከተንቀሳቀሰ፣ ሲስተሙ ግጭት መኖሩን ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ እያንዳንዱን መመልከት ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድና በእኛ አገር የሚያጋጥም የሰዓት ጉዳይ አለ። የመጋዘን ሠራተኛው በወጪ ማዘዣው ላይ «ማታ 12 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ለሲስተሙ 18፡00 ነው። የመዝጊያው ሰዓት፣ ማለትም ባላንሱ የሚያዝበት ሰዓት፣ 12፡00 ተብሎ ከተሞላ ግን ሲስተሙ የሚረዳው እኩለ ቀን ብሎ ነው፤ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የተጫነው ሁሉ ከመዝጊያው ውጪ ይቀራል። በተጨማሪም አንዳንድ ሶፍትዌሮች፣ ኦዱን ጨምሮ፣ ሰዓቱን በመረጃ ቋታቸው የሚያስቀምጡት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ የተጠቃሚው የሰዓት ክልል በትክክል ካልተሞላ ወይም ሪፖርቱ በቀጥታ ከመረጃ ቋቱ ከተሠራ የምሽቱ ሰነድ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ይታያል። ይህን ለማረጋገጥ ከቆጠራው አንድ ቀን በፊት አንድ የታወቀ ወጪ መዝግቦ በሪፖርቱ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው የውሸት ልዩነት ምንጭ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የተነሣው ጭነት ሰነዱ ቢሮ ደርሶ ገቢ ሲደረግ፣ መኪናው ግን በማግሥቱ ሊራገፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ በዋናው መጋዘን ስም ሳይሆን «በመንገድ ላይ» በሚባል ለብቻው በተከፈተ ቦታ እንዲመዘገብና ከልዩነት ሪፖርቱ ውጪ እንዲሆን አድርጉ። ተሽጦ ደረሰኝ ተቆርጦለት ደንበኛው ገና ያልወሰደው ዕቃም እንዲሁ ነው፤ በአካል አለ፣ የእናንተ ግን አይደለም፤ ስለዚህ በግልጽ ምልክት ተለይቶ ከቆጠራው ውጪ ይሁን።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ራሱ ልምጣ። በአንዱ መስመር ላይ የዕቃው ኮድና ስም፣ ቦታው፣ መለኪያው፣ የተያዘው ባላንስ፣ የመጀመሪያ ቆጠራ፣ የድጋሚ ቆጠራ፣ ልዩነቱ በመጠን፣ በመቶኛና በብር፣ መጨረሻ የተንቀሳቀሰበት ቀንና የምክንያት ኮድ ቢኖሩ ይበቃል። ከሁሉ አስፈላጊ የምለው ግን የብሩ ልዩነት በሁለት መንገድ መደመር እንዳለበት ነው፤ አንዱ ጉድለትና ብልጫ ተቻችለው የሚገኘው የተጣራ ድምር፣ ሌላው ምልክታቸው ሳይታይ ሁለቱም የሚደመሩበት ጠቅላላ ድምር ነው። ለምሳሌ ባለ 2.5 እና ባለ 4 የኤሌክትሪክ ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት መለኪያ ነው) ጎን ለጎን በተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ቀለማቸውም ማሸጊያቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው በመለያው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቁጥር ናት። የመጫኛው ሠራተኛ ባለ 2.5 የታዘዘለትን 10 ጥቅል ከባለ 4 ቢያወጣ፣ ለማሳያ ያህል ባለ 2.5ን በ6,000 ብር፣ ባለ 4ን በ9,000 ብር ብንይዝ፣ ሪፖርቱ በአንዱ የ90,000 ብር ጉድለት፣ በሌላው የ60,000 ብር ብልጫ ያሳያል። የተጣራው 30,000 ብር ድርጅቱ በእርግጥ ያጣው ገንዘብ ነው፤ ጠቅላላው 150,000 ብር ደግሞ የተሳሳተውን የሥራ መጠን ያሳያል። የተጣራውን ብቻ የሚያይ ሥራ አስኪያጅ «ብዙም አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። መስመሮቹ በኮድ ቅደም ተከተል ሳይሆን በዕቃ ቤተሰብ ተሰብስበው፣ በየቤተሰቡም ውስጥ በጠቅላላ ብር ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢደረደሩ ግን 10 የጎደለውና 10 የበለጠው ዓይን ለዓይን ስለሚታዩ ጉዳዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል።

በእናንተ መጋዘን ደግሞ መለኪያው ከሁሉ በፊት ሊታይ ይገባል። ፓስታ በሲስተሙ በካርቶን ተመዝግቦ ቆጣሪው በፍሬ ከጻፈ፣ የባለ 20 ፍሬው ካርቶን ቆጠራ ከባላንሱ 20 እጥፍ ሆኖ ይወጣል። የተቆጠረው መጠን የባላንሱ እጥፍ ሆኖ እጥፉ ከካርቶኑ ይዘት ጋር እኩል ሲሆን፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት የቆጠራ ወረቀቱን መለኪያ መመልከት ተገቢ ነው። የምግብ ዕቃ ስለሆነም ሪፖርቱ በባች (በአንድ ዙር በተመረተ ስብስብ) እና በአገልግሎት ማብቂያ ቀን መከፈል አለበት፤ ምክንያቱም የዘይቱ ጠቅላላ ብዛት ልክ ሆኖ ሳለ አዲሱ ባች ቀድሞ ወጥቶ አሮጌው ከኋላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በዕቃ ደረጃ ብቻ የተሠራ ሪፖርት ይህን ፈጽሞ አያሳይም።

ምን ያህል ልዩነት ይታለፍ ለሚለው፣ ዕቃዎቹን በዓመታዊ እንቅስቃሴያቸው ዋጋ በሦስት ደረጃ ከፍሎ ለከፍተኛዎቹ 0.2 በመቶ፣ ለመካከለኞቹ 1 በመቶ፣ ለዝቅተኞቹ 5 በመቶ መፍቀድ በዘርፉ በስፋት የሚጠቀስ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ መቶኛ ብቻውን ያሳስታል። ከ3 እሽግ ክብሪት አንዱ ቢጎድል 33 በመቶ ነው፤ ከ4,000 ካርቶን ዘይት 8 ቢጎድል ግን 0.2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የብር ጣሪያ አስቀምጡና መስመሩ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ካለፈ ወደ ድጋሚ ቆጠራ ይሂድ፤ ለጥቃቅኖቹ ደግሞ ብሩ ከተወሰነ መነሻ በታች ከሆነ መቶኛው እንዳይታይ አድርጉ። ይህ ብቻ ዝርዝራችሁን በእጅጉ ያሳጥረዋል። የትክክለኛነት መለኪያውም በዚሁ ይሰላል፤ ከተቆጠሩት 400 መስመሮች 372ቱ በተፈቀደው ውስጥ ከሆኑ ውጤቱ 93 በመቶ ነው፤ ቁጥሩን ከዓመት ዓመት ማወዳደር የሚቻለው ግን ጣሪያዎቹ ሳይለወጡ ሲቆዩ ነው።

ድጋሚ ቆጠራውን የመጀመሪያው ቡድን እንዳያደርገው፣ በቆጠራ ወረቀቱ ላይም የሲስተሙ ባላንስ እንዳይታተም አጥብቄ እመክራለሁ። ድካም የያዘው ቆጣሪ ወረቀቱ ላይ 118 የሚል ቁጥር ካየ፣ 116 ቢያገኝም 118 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ የሚገኝ ንጹሕ ሪፖርት ከምንም አይቆጠርም። የምክንያት ኮዶቹ ደግሞ ጥቂት ይሁኑ፤ ያልተመዘገበ ሰነድ፣ የመለኪያ ስሕተት፣ የኮድ መለዋወጥ፣ ብልሽት፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት እና ምክንያቱ ያልታወቀ የሚሉት ለእናንተ የሚበቁ ይመስለኛል። «ሌላ» የሚል ኮድ ካስገባችሁ ግን ሰው ሁሉ እሱን ይመርጣል።

ስለ ማጽደቁ፣ የመጋዘን ኃላፊው ቁጥሩን ያስገባል እንጂ ማስተካከያውን ፖስት የማድረግ (በመዝገቡ ላይ የማጽናት) መብት በሲስተሙ ሊሰጠው አይገባም። ይህ እሱን ካለማመን የሚመጣ አይደለም፤ ጉድለት ሲገኝ ከሁሉ በፊት ጥያቄ የሚነሣበት እሱ ስለሆነ፣ መብቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ለራሱም መከላከያ ይሆነዋል። ያልተመዘገበ ሰነድ በሚል ኮድ የተለየው መስመር በማስተካከያ ሳይሆን ሰነዱ ራሱ ተመዝግቦ መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ሰነዱ በኋላ ሲገባ ዕቃው ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። የቀረው በብር ጣሪያው መሠረት ለፋይናንስ ኃላፊው፣ ከዚያ በላይ ያለው ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብ፤ የጸደቀው ሪፖርትም በፊርማ ታትሞ ከዋናዎቹ የቆጠራ ወረቀቶች ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ኦዲተሩ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚያን በእጅ የተጻፉትን ወረቀቶች ነውና።