ድሬ ላይ በዳሌ ጤና መሥራት ለምትፈልገው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጎንደር ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ (ኦቲ፣ ሰው የዕለት ውሎውን መሥራት እንዲችል የሚረዳ የተሐድሶ ሙያ) እየጨረስሽ ነው፣ ቤተሰብሽ ድሬ ነው፣ ሽንት ከሚያመልጣቸውና ከወሊድ በኋላ ዳሌያቸውን ከሚያማቸው ሴቶች ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ። "መጀመሪያ የውጭ ሰርተፍኬት ልያዝ ወይስ ቤት ተከራይቼ ልጀምር?" ብለሻል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ሁለቱም ገንዘቤን በልተውኛል። አሁን ግን በዚሁ ሙያ ድሬ ላይ እየሠራሁ ነው። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

1. ቤት አትከራዪ። ቢያንስ ፈቃድ በእጅሽ ሳይገባ አትከራዪ።

እኔ በ2016 ከዚራ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለች። በጣም ወደድኳት። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ አለኝ። በወር 9,000 ብር ነው፣ 54,000 ቆጥሬ ሰጠሁ። ገንዘቡ የእናቴ የእቁብ ዕጣ ነበር። ቀለም አስቀባሁ፣ አልጋ ገዛሁ፣ መጋረጃ አሰፋሁ። ፈቃዱ በሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ዲግሪዬን አገላብጦ "ይሄ የፋብሪካ ደህንነት ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም ብዬ አስረዳሁ። "ነገ ነይ" አለ። በነጋታው ሌላ ሰው ተቀምጧል። እንደገና ከሀ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን "የፊዚዮቴራፒ መስፈርት አለን፣ ያንቺ ግን መደብ የለውም" ተባልኩ። እሺ፣ ይሄ እንኳን ይገባኛል፤ ሙያው አዲስ ነው። ያልገባኝ አራተኛው ቀን ነው። ወንበሩ ሁሉ በባለጉዳይ ሞልቷል። ሰውየው ማመልከቻዬን ከፍ አድርጎ ይዞ ማዶ ላለው ባልደረባው "የሽንት ቴራፒስት ነኝ ትላለች፣ ወዴት ልምራት?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። አንዲት ባለጉዳይ ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። እኔ ደረጃውን እስክወርድ እንባዬን ያዝኩ፣ ከዚያ ለቀቅኩት።

ፈቃዱ አልመጣም። ስድስት ወሩ አለቀ። አከራዩ ከቅድሚያው አንድ ሳንቲም አልመለሰም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈቃዱ ቢመጣም ኖሮ ያ ቤት አይሠራም ነበር። ይሄን ያስረዱኝ በር ላይ ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። "የሴቶች የዳሌና የሽንት ጤና" የሚል ታፔላ አስጽፌ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ነበር። አንብበውት ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ በዚህ በር የገባች ሴት ምን እንደሆነች ሠፈሩ ሁሉ አወቀ ማለት እኮ ነው" አሉኝ። አራት ዓመት ተምሬ ይሄን አላሰብኩትም። ታፔላው አሁንም እናቴ ቤት ከቁም ሳጥን ጀርባ አለ።

2. ሰርተፍኬቱን አታስቀድሚ።

እኔ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ኮርስ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ በዶላር ከፈለልኝ። ቪዲዮ ነው። አይቼ ስጨርስ "ተሳትፋለች" የሚል ወረቀት ላኩልኝ። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አላየውም።

ቁም ነገር ያላቸው የሉም እያልኩሽ አይደለም። ኸርማን ኤንድ ዋላስ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ኦቲዎችንም ይቀበላል። ከነሱ የሚገኘው ፒአርፒሲ የተባለው ማረጋገጫም ለኛ ክፍት ነው። ግን ለፈተናው ለመቀመጥ በዚሁ ዘርፍ 2,000 ሰዓት ታካሚ ማየት ይጠይቃል። አየሽ? ወረቀቱ ራሱ "መጀመሪያ ሥሪ" ነው የሚልሽ። እዚያው አሜሪካ ያለው የፊዚዮቴራፒ ቦርድ የሴቶች ጤና ስፔሻሊስትነት ደግሞ ለፊዚዮዎች ብቻ ነው፤ እሱን እያየሽ አትጓጊ።

የውስጥ ምርመራ በቪዲዮ አይለመድም። አጠገብሽ ቆሞ እጅሽን የሚያርም ሰው ሳይኖር አትንኪ። እኛ ሀገር ሐረርጌ ላይ፣ በተለይ በሱማሌ በኩል፣ ተገርዛ የተሰፋች ሴት ብዙ ታገኛለሽ። አልጋው ላይ ስትወጣ ብቻ ሰውነቷ ድርቅ ይላል። እኔ ዛሬም አብዛኛውን ሥራዬን የምሠራው ልብስ ሳይወልቅ ነው። በቃል፣ በአተነፋፈስ፣ በአቀማመጥ፣ በቀን ውሎ። የውስጥ ምርመራ የሚያስፈልጋትን አብራኝ የምትሠራው ሚድዋይፍ ታያታለች።

3. ክትባት ክፍል አጠገብ ተቀመጪ።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን ያዢ። ኪሳራዬን ይዤ ጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የተሐድሶ ክፍል ነበር፤ ስትሮክ፣ የተሰበረ እጅ። አንዱ ሐኪም "አንቺ እጅ አይደል የምታሠሪው?" እያለ ነበር የሚልክልኝ። የዳሌ ነገር ሳነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ። ያዳነችኝ የእናቶች ክፍል ሚድዋይፏ ናት። "እነዚህ ሴቶች አንቺ ጋ አይመጡም፣ አንቺ ወደነሱ ነይ" አለችኝና ከክትባቱ ክፍል ጎን የካርቶን ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል አስለቀቀችልኝ።

አስቢው። ሕፃኑ በ6ኛው ሳምንት ይከተባል፣ እናቶቹ የ45 ቀን የሚሉት። ከዚያ በ10ኛው፣ ከዚያ በ14ኛው። እናትየዋ ለሕፃኑ ብላ ሦስት ጊዜ ትመጣለች። ባል አይጠይቅም፣ አማት አትጠይቅም፣ ጎረቤት አይጠረጥርም። የታች ጡንቻ (ከዳሌ ሥር ሆኖ ፊኛንና ማህፀንን የሚደግፈው) ሥልጠና ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ክትባቶች የመጀመሪያውን ሁለት ወር ይይዙልሻል። ቀጠሮው ተሠርቶ ቁጭ ብሎልሽ ነበር! እኔ 54,000 ብር አውጥቼ የፈለግኩት በር ጤና ጣቢያ ውስጥ ክፍት ነበር።

በ6ኛው ሳምንት እጠይቃለሁ፣ አሳያለሁ። በ10ኛው በትክክል እየሠራች መሆኗን አያለሁ። ብዙዎቹ ወደ ላይ መሳብ ሲገባቸው ወደ ታች ያምጣሉ፣ ይሄን ሳታርሚ አትልቀቂ። በ14ኛው እስከዚያ ያለውን ውጤት እናያለን፣ ቀሪውን ወር ቤቷ ትቀጥላለች። የማዝዘው ስምንት ጊዜ መጨበጥ ነው፣ በቀን ሦስት ዙር። "የዳሌ ወለል ጡንቻ" ብትያት አይገባትም። "ሰው መሀል ጋዝ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው" በያት፣ ስቃ ትረዳሻለች። ዙሩን ከውሎዋ ጋር እሰሪላት። ሙስሊም ከሆነች ከሶላት ኋላ፣ ክርስቲያን ከሆነች ከምግብ ኋላ። ሽንቷን መሀል ላይ እያቋረጠች እንዳትለማመድ ንገሪያት፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስተምራል፣ ልክ አይደለም።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ኦቲነታችን ነው፣ ግን ይሄ በቁጥር የሚያልቅ አይደለም። ፊዚዮዎች ጡንቻውን ከኛ በላይ ያውቁታል፣ አትጣዪያቸው። ያንቺ ጥያቄ ሌላ ነው። "ምን ማድረግ ተውሽ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ውስጥ ነው ሥራሽ ያለው። አንዷ ሠርግ መሄድ ትታለች። አንዷ ባጃጅ ላይ መቀመጥ ፈርታ በእግሯ ትሄዳለች። አንዷ ሱጁድ ስትወርድ ስለሚያመልጣት ሶላቷን ትታ ነበር። ለሽንቷ የሃይማኖቱን ፍርድ ሼኹ ይመልሱላት፤ የኔ ድርሻ ከመውረዷ በፊት ጡንቻውን መጨበጥና ትንፋሿን ቀስ ብላ መልቀቅ ማስለመድ ነበር። አሸዋ ገበያ የምትሸጥ ሌላዋ ደግሞ በዚያ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አትቀምስም ነበር፣ እንዳያመልጣት ብላ። ውሃ ስትተይ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ጭራሽ ይቸኩላል። እሷን ውሃ ለማስጠጣት የፈጀብኝ ልመና ጡንቻ ከማስጨበጥ ይበልጣል።

የሽንት ማስታወሻውን (ስንቴ እንደሸናችና ስንቴ እንዳመለጣት የምትመዘግብበትን)፣ መጽሐፍ ላይ እንደተማርነው፣ በሰንጠረዥ አትስጪ። ማንበብ የማትችል ብዙ ናት። እኔ ሁለት ጣሳና አንድ እፍኝ ሽምብራ ነው የምሰጠው። መጸዳጃ ስትሄድ አንድ ሽምብራ እዚህ ጣሳ፣ ሲያመልጣት አንድ እዚያ ጣሳ። ሦስት ቀን ትቆጥራለች። ሲያመልጥ የሚጣለው ጣሳ እየቀለለ ሲመጣ እሷው ታየዋለች።

አንድ ቀን ቢጫ ጀሪካን ይዤ መጣሁ። ሦስተኛዋን የወለደች ልጅ እግር ሴት ነበረች፣ ከገንደ ቆሬ። "ውሃ ስትቀጂ እንደምታነሺው አንሺልኝ" አልኳት። ሃያ ሊትሩን ግማሽ ነው የሞላሁት። ጎንበስ አለች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ትንፋሿን ያዘችና በአንድ ጊዜ ሳበችው። ወዲያው ግራ እጇ ድሪያዋን ከኋላ ጨበጠ። ዓይኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ምንም አልተባባልንም። ከዚያ ጀሪካኑን አስጠግታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ መጀመሪያ ታች ጨብጣ፣ "ሁፍ" እያለች እንድታነሳ አሳየኋት። ስድስት ሰባቴ ደጋገምነው። ሙሉ አንድ ጀሪካን ከማምጣት በግማሽ ሁለቴ እንድትመላለስ ተስማማን። በ14ኛው ሳምንት ሕፃኑን አስከትባ ወደኔ ገባችና "ጨርቁን ተውኩት" አለችኝ። በቃ ይሄን ብቻ። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እናቴ ስለ እቁቡ ምንም አላነሳችም።

ቋንቋ። ጎንደር ሳለን ይሄን ማንም አልነገረኝም። ድሬም ሐረርም በአማርኛ ብቻ ይሄን ሥራ አትሠሪም። አንዲት እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ፣ እሱ እያስተረጎመ። "ወገቤን ነው" አሉ። ሦስት ሳምንት ወገብ አሠራሁ። ልጁ ያልመጣ ቀን ነው በኦሮምኛ ለጽዳት ሠራተኛዋ እውነቱን የነገሯት፤ ማህፀናቸው ወርዶ ሲቀመጡ ይነካል። ልጃቸው ፊት እንዴት ይበሉት? ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመድ አላስተረጉምም። ፊንጫን (ሽንት)፣ ገደሜሳ (ማህፀን) እያልኩ የኦሮምኛውን፣ ካዲ (ሽንት) እያልኩ የሱማሌውን ቃላት በወረቀት ጽፌ አጠናሁ። አነጋገሬን ሰምተው ይስቃሉ፣ ግን ይነግሩኛል።

ይሄኛውን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ስታስል፣ ስትስቅ፣ ዕቃ ስታነሳ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ያንቺ ናት። ሌት ተቀን ሳያቋርጥ የሚፈስባት ግን፣ በተለይ ምጥ ቀናት ፈጅቶባት ከሆነ፣ ፊስቱላ (በረጅም ምጥ በፊኛና በብልት መሀል የሚከፈት ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ፊስቱላ በጡንቻ ልምምድ አይዘጋም። አንድ ሳምንት እንኳን አታቆያት። ሐረር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ ሕክምናውም በነፃ ነው። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ግን ብቻዋን አትሄድም፤ ደውይላት፣ ወረቀት ጻፊላት፣ ሚኒባስ ላይ ጨርቅና ፌስታል አዘጋጂላት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። ምጡ የእግር ነርቭ ጎድቶባቸው እግራቸውን የሚጎትቱም አሉ። እነሱ ሲመለሱ ያንቺ ሥራ ይጀምራል፤ እንዴት ትቁም፣ እንዴት ትራመድ፣ እንዴት ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጥራ።

ወንዶችንም አትርሺ። እዚህ ከተማ በርጫ ላይ ስድስት ሰባት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሞልቷል፣ ጫት ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ሲያምጥ የሚውል ሰው የታች ጡንቻው ይጎዳል። እኔ እስካሁን ለወንዶቹ ጊዜ አላገኘሁም፣ አንቺ ስትመጪ እንካፈላለን።

ደሞዙን ጠይቀሻል። የመንግሥት ደሞዝ ነው፣ ለዳሌ ብሎ የሚጨምርልሽ የለም። እኔ ያየኋቸውን ሴቶች በደብተር እመዘግባለሁ፤ ቀኑን፣ ምን እንደተወች፣ ምን እንደመለሰች። አሁን ሦስተኛ ደብተር ላይ ነኝ። ያ ሐኪም አሁን "ለዳሌ" ብሎ ጽፎ ነው የሚልክልኝ። ቢሮው መደቡን ሲከፍት ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

ለእረፍት ድሬ ስትመጪ ሐሙስ ጠዋት ነይ፣ እኛ ጋ የክትባት ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ድረሽ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋው በሩን ይዘጋዋል። የቃላቱን ወረቀት ኮፒ አድርጌ አቆይልሻለሁ። ጀሪካኑ እኔ ጋ አለ።