መልስ፦ እጃችን ከሕመሙ ቀድሞ የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ፒያሳ ቡና ሲጠጡ የጋለ ብርጭቆ ነክተው፣ ሕመሙ ሳይሰማዎት እጅዎ ለምን እንደተሰበሰበ ጠይቀዋል። ትእዛዙ የወጣው ከአንጎል ሳይሆን ከኅብለ ሰረሰር ነው። በጣት ቆዳ ላይ ያሉት የስሜት ነርቮች መልእክቱን ወደ ኅብለ ሰረሰር ያደርሳሉ፤ እዚያም በአገናኝ የነርቭ ሕዋሳት በኩል ወደ አንቀሳቃሽ ነርቮች ተላልፎ ክንድን የሚያጥፈው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የሚዘረጋው ደግሞ (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) በዚያው ቅጽበት ይላላል። ቆየት ብሎ የሚመጣው የማቃጠል ስሜት የሚጓዘው ማይሊን የተባለው ሽፋን በሌላቸው ቀጫጭን የነርቭ ክሮች፣ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት በመሆኑ ዘግይቶ አንጎል ይደርሳል። ሆኖም አንጎል ፈጽሞ ባይተዋር አይደለም፤ ብርጭቆው እንዳይሰበር አስቀድመው ከወሰኑ፣ ወደ ታች በሚልከው መልእክት የእጅዎን መሸሽ በተወሰነ ደረጃ ሊገታው ይችላል።