ሥሩ የተቆረጠ ኦክ ማዳበሪያ ይሰጠው?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት የመኪና መግቢያችንን ስናሰፋ የግቢያችን ትልቅ ኦክ በአንድ ጎኑ ሥሩ ተቆረጠ። ዘንድሮ ጫፉ ላይ ቅጠሉ ሳስቷል። አንዱ ባለሙያ ማዳበሪያ ይላል፣ ሌላው እድገቱን የሚገታ መድኃኒት። የቱን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተዪው። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ዛፉ ቅጠል ወደ ማውጣት ይሄዳል። ቅጠል በበዛ ቁጥር ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃውን የሚስበው ሥር ደግሞ ተቆርጧል። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሪ። የጎደለ ነገር ከተገኘ፣ ቀስ እያለ የሚለቅ ማዳበሪያ በትንሹ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ባለሙያ ያለሽ ፓክሎቡትራዞል ሳይሆን አይቀርም። ይህን እኔም እደግፋለሁ። ቅርንጫፍ የሚያስረዝመው ጂበረሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት እንዳይመረት ያደርጋል። ቅርንጫፉ ያጥራል፣ ቅጠሉ አነስ ብሎ አረንጓዴነቱ ይደምቃል፤ በብዙ ዛፎች ላይ ቀጫጭን ሥሮችም ይበዛሉ። ግንዱ ሥር አፈሩ ላይ ይሰጣል፤ አንዴ ከተሰጠ 3 ዓመት ያህል ይሠራል። ለውጡን ግን በዚሁ ሰመር አትጠብቂ። መጠኑ በግንዱ ውፍረትና በዛፉ ዓይነት ይለያያል፤ ከበዛ ያቀጭጨዋል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራው።

ከሁሉም በፊት ግን ውሃ! ጎማውን በቀጭኑ ከፍተሽ ለረጅም ሰዓት ተዪው። ከዚያ ረጅም ካቻቪቴ አፈሩ ውስጥ ሰክተሽ ሞክሪ። ሳይታገልሽ እስከ እጀታው ከገባ በደንብ ጠጥቷል። ላዩን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ አልብሺው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው።