ሲሞቅ የሚያንሸራትት አውቶማቲክ ካምቢዮ

ጥያቄ፦ መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። ጠዋት ደህና ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳሁት በኋላ ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማርሽ ሲያልፍ ደግሞ ይብስበታል። አንዱ መካኒክ «ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ»፣ ሌላው «ዘይቱን ብቻ ቀይር» አሉኝ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩዋቸው። የዘይቱ መጠን፣ ሁኔታና ግፊት ሳይታይ የሚሰጥ ምክር ግምት ነው። ለምርመራ ከሚያስፈልገው አጭር ጉዞ በስተቀር ግን መኪናውን አይንዱት። ማርሾቹን የሚይዙት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። ግፊቱ ሲያንስ ሸራዎቹ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ያራሉ። የረገፈው ዱቄትም ፊልትሮውንና ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን የቫልቭ ቦዲ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እየዘጋ ግፊቱን ጭራሽ ያወርደዋል። በ1 ሊትር ዘይት ሊድን የሚችል ካምቢዮ በዚህ መንገድ ነው የሚበላሸው።

ሲሞቅ ብቻ ማንሸራተቱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያረጀ የጎማ ማሸጊያ ወይም የተበላ ፓምፕ ወፍራሙን ዘይት ቢችለውም ቀጭኑ ያመልጠዋል። ጠዋት ብቻ አንሸራትቶ ሲሞቅ የሚሻለው ካምቢዮ በአብዛኛው የደረቁ ማሸጊያዎች ችግር ነው፤ የእርስዎ ግን ከዚህ ይለያል።

መጀመሪያ መጠኑን ይለኩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብለው ነድተው ያሙቁትና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት) እየሠራ ፍሬን ረግጠው ማርሹን በየቦታው 3 ሰከንድ ያህል እያቆዩ ሁሉንም ያዳርሱና ወደ ፒ ይመልሱት። ሞተሩን ሳያጠፉ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉ፤ መልሰው ከተው እንደገና ያውጡና በሙቅ ምልክቶቹ መካከል መሆኑን ይዩ። አንዳንድ የሆንዳ ሞዴሎች ሞተሩ ጠፍቶ ስለሚለኩ የመኪናውን መመሪያ ያንብቡ። ዘንግ የሌለው ካምቢዮ ከሥር ባለው የመለኪያ ብሎን በኩል ነው የሚለካው፤ የዘይቱ ሙቀት በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) እየታየ ስለሚሠራ ይህን ለባለሙያ ይተዉት።

ከጎደለ 250 ሚሊ ሊትር ያህል እየጨመሩ ደጋግመው ይለኩ። ከልክ በላይ መሙላትም ያንሸራትታል፤ ማርሾቹ ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። የካምቢዮ ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም። ስለዚህ ጎድሎ ከተገኘ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፦ የኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጋርኒሲዮን፣ የአክሰል ማሸጊያዎች፣ ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት ቱቦዎች ወይም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል። ችግሩ የጀመረው የሞተር ዘይት ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ደግሞ በስህተት የካምቢዮው ዘይት ተደፍቶ ሞተሩ ላይ ተደርቦ ተሞልቶ እንዳይሆን ሁለቱንም ይለኩ። ይህ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል።

ቀጥሎ ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ሸራው ተቃጥሏል፤ አዲስ ዘይት የተቃጠለ ሸራ አይመልስም። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ከራዲያተሩ ውሃ ገብቷል፣ ሞተሩን እንኳ አያስነሱት።

ዘይቱ ካላረረ ፊልትሮውንና ዘይቱን መቀየር ተገቢ ነው። ዓይነቱ መመሪያው የሚያዘው ብቻ ይሁን፤ የቶዮታ ደብሊው ኤስ የተባለውን ዘይት በሚጠይቅ ካምቢዮ ዴክስሮን የተባለው ዘይት አይገባም፣ የሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው ካምቢዮ) ዘይትም ለሲቪቲ ብቻ ነው። መሙያውን ሳይፈቱ ማፍሰሻውን አይፍቱ፤ መሙያው አልፈታ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዘው ይቀራሉ። የፈሰሰውን በመለኪያ ዕቃ ይያዙና ያንኑ ያህል ይመልሱ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይወጣል፤ የቀረው የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ስለሚቀር ጥቂት ነድቶ አንዴ መድገም ይጠቅማል። በማሽን ግፊት ማጠብን ለሚያንሸራትት ካምቢዮ አልመክርም፤ የተኛውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ወደ ቫልቮቹ ይነዳዋል። ኮፓው ሲወርድ ማግኔቱን ይዩ፦ ግራጫ ልም ጭቃ የተለመደ ነው፣ የብረት ፍንካች ግን ካምቢዮውን ለማስፈታት በቂ ምክንያት ነው።

ዘይቱ ተስተካክሎም ካልዳነ የኋላ ማርሽን በሙቅነቱ ይሞክሩ። በብዙ ባለ4 ማርሽ ካምቢዮዎች 3ኛን የሚይዘው ፍሪሲዮን የኋላውንም ይይዛል። ሁለቱ አንሸራተው ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ጥርጣሬው እዚያ ፍሪሲዮን ላይ ነው። ሁሉም ካንሸራተቱ ግን ችግሩ የጋራ ነው፦ ፓምፑ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ። ከነዳጅ መርገጫው ጋር በኬብል የተያያዘ የቆየ ካምቢዮ ከሆነ የላላ ኬብልም ግፊቱን ያወርዳል፤ ይህ በማስተካከል ብቻ ይድናል።

መካኒኩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የስካነር ኮድና በሙቅነቱ የተለካ የዘይት ግፊት። ፒ 0733 3ኛው ማርሽ ትክክለኛ ምጥኑን እንዳልያዘ ይናገራል፤ ፒ 0741 የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ ይመለከታል። ግፊቱ ከመመሪያው በታች ካልሆነና 3ኛው ብቻ የሚያንሸራትት ከሆነ ሶሌኖይዱ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ቫልቭ ቦዲው ላይ ይፈተሽ፤ ይህ በብዙ መኪኖች ካምቢዮውን ሳያወርዱ ይሠራል። ሶሌኖይዱ ደህና ከሆነ ወይም ዘይቱ ካረረ ግን መፈታቱ ግድ ነው። ያን ጊዜ ሸራዎቹ ከነማሸጊያዎቻቸው ይቀየሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹም ይታጠቡ፤ እዚያ የቀረው የአሮጌ ሸራ ዱቄት ወደ አዲሱ ሥራ ይመለሳል።