ውሃ በፈረቃ፣ ሽንት ቤቱ ግን ሌት ተቀን

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው ምኖረው፣ ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው። 1,000 ሊትር ሮቶ አለን፣ ለአራት ሰው ሶስት ቀን አይደርስም፣ የት እየገባ ነው? የዝናብ ውሃስ ለሽንት ቤት ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድማችን መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እይ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ክፈትና ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አርግበት፣ ሳትለቀው ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ስታየው ሳህኑ ውስጥ ቀለም ከገባ ከስር ያለው ጎማ አልቋል ማለት ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትል ቀይረው።

የሚጠጣ ውሃ ሽንት ቤት ሲደፋ እኔን በጣም ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ የልብስ ማለቅለቂያውን በባልዲ አስቀምጡና መቀመጫው ላይ ባንዴ ድፉት፣ ጥርግ አርጎ ይወስዳል፣ ብቻ አታሳድሩት ይሸታል።

ዝናቡ ይቻላል እንጂ! 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው፣ 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ወደ 400 ሊትር ማለት ነው። ከአሸንዳው ወደ ሌላ ሮቶ አስገባው፣ አቧራ ያለበትን የመጀመሪያውን ድፋ። ግን አደራ፣ የዝናቡን መስመር ከመጠጥ ውሃው ጋር በጭራሽ እንዳታገናኘው፣ ለብቻው ቱቦ ይዘርጋለት፣ ቧንቧ ሰራተኛው «ችግር የለውም» ቢልህም እሺ እንዳትል።